ዳኛው ግን ምን ነክቷቸው ነው?

እሑድ ማታ ላይ የሚመጣብኝን ነገር ታውቁታላችሁ። ሰኞ ገና አልመጣም፣ እሑድ ግን አልቋል። ልብሱ ተተኩሷል፣ ዕቃው ታጥቧል፣ እንቅልፍ የለም። እንዲህ ሲያደርገኝ ጥሩ ፊልም አልከፍትም፤ ያስለቅሰኛል። አሮጌና መጥፎ ፊልም ነው የሚሻለኝ። ጥቁርና ነጭ ከሆነማ ሳያልቅ እተኛለሁ።

የዛሬው እ.ኤ.አ. በ1956 የተሠራ የአሜሪካ ፊልም ነው፣ «ዘ ቫዮለንት ይርስ» ይባላል። አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጽሑፉ የኤድ ዉድ ነው። በዓለም ላይ እንደሱ መጥፎ ፊልም የለም እየተባለ የሚቀለድበትን «ፕላን ናይን»ን የሠራው ሰውዬ። ይሄኛውን ዳይሬክት ያደረገው ሌላ ሰው ነው፣ ወሬው ግን ወለል ብሎ የሱ ነው። ሰው ሁሉ ስብከት እንጂ ጨዋታ አያወራም።

ሲጀምር የክፍል ሰሌዳ ያሳያል። መልካም ዜግነት፣ ራስን መግዛት፣ ትሕትና፣ ታማኝነት ተብሎ ተጽፎበታል። አራት ሴት ልጆች በየተራ መጥተው ሰሌዳውን አየት ያደርጉና አፋቸውን አሽሟጠው ያልፋሉ። በቃ፣ ባለጌ መሆናቸው ተነገረን። ተማሪ ናቸው የተባሉት ደግሞ ሁለት ሁለት ልጅ የወለዱ ይመስላሉ።

መሪያቸው ፓውላ ናት። የሀብታም ልጅ። አባቷ የጋዜጣ ኤዲተር፣ እናቷ በበጎ አድራጎት ሥራ የተወጠረች። ቤቱ ውስጥ ከጊዜ በቀር የጎደለ የለም። ልጅቷ ማታ ማታ ከጓደኞቿ ጋር ነዳጅ ማደያ ትዘርፋለች፤ ፖሊስ ምን እያሰበ እንደሆነ ደግሞ ከአባቷ አፍ ትለቅማለች። (ይቺን ወድጃታለሁ።) አንድ ወጣት ላይ የሚያደርሱት ነገር ግን ዛሬ ሲያዩት አያስቅም። በኋላ ትምህርት ቤት እንዲያፈርሱ የሚከፍላቸው ይመጣል፤ ከጀርባው ኮሚኒስት መሳይ ሰዎች አሉ። ጊዜው ነው መቼስ። ለማንኛውም ምን ብትሏት መልሷ አንድ ነው፦ እና ምን ይጠበስ?

በዚያን ጊዜ አሜሪካ «የዘንድሮ ልጅ ተበላሸ» ብላ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ሴኔቱ ሳይቀር ኮሚቴ አቋቁሞ በ1954 የኮሚክ መጽሔቶችን፣ በ1955 ደግሞ ፊልሞችን ልጆቻችንን ያበላሻችሁ እናንተ ናችሁ ወይ ብሎ መርምሯል። ወላጅ ሲፈራ ነጋዴ ይነቃል። በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩት ፊልም ሠሪዎች ዘዴው አልጠፋቸውም። መጀመሪያ ላይ ምክር፣ መጨረሻ ላይ ምክር፣ መሀሉን ሽጉጥና ጠበብ ያለ ሹራብ። ለልጅ መድኃኒት በማር ይሰጣል፤ እነሱ ማሩን በመድኃኒት ጠቅልለው ሸጡት። ገዢው ደግሞ ያው ተበላሸ የተባለው ልጅ ነው።

እንቅልፌ መጣ ስል ዳኛው መጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኞቿ አልቀዋል። ፓውላ እስር ላይ ሆና ወልዳ ሞተች። እናትና አባት የልጅ ልጃቸውን እናሳድግ ብለው ዳኛው ፊት ቆሙ። ዳኛው ረጅም ንግግር አደረጉ። ረጅም ስላችሁ፣ ተነስቼ ውኃ ጠጥቼ ስመለስ ገና እየመከሩ ነበር። ከዚያ አይሆንም አሉ። አንዷን አበላሽታችኋል፣ ሌላ አይሰጣችሁም።

ተነስቼ ቁጭ አልኩ። እንዴት ነው ሰው ለአያት ልጅ የሚከለክለው?

እኔ የአያት ልጅ ነኝ፣ ታውቃላችሁ። አያት ያሳደገው ሞልቃቃ ነው ይባላል፤ ይባል። እቴቴ ዘንድ ሞልቀቅ ብሎ ነገር አልነበረም። ቁንጥጫዋ እዚህ ክንዴ ላይ አሁንም ያለ ይመስለኛል። እናቴ ቤሩት ነበረች፣ በኮንትራት። የማዳምን ልጆች ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታስተኛለች፤ እኛ ደግሞ ድምፅዋን በካሴት እንሰማለን። እቴቴ ካሴቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ነበር ቴፑ ውስጥ የምትከተው። «ልጆቼ እንደምን አላችሁ» ይልና ከኋላ የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ ይሰማል። ወዲያው ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ልታባብለው ሄዳ ነዋ።

እና እኚያ ዳኛ እቤታችን ቢመጡ ምን ይሉ ነበር? እናት የለችም፣ ሥራ ላይ ናት። የፓውላ እናት ቢያንስ ማታ ማታ ቤት ትገባለች። በዳኛው ሚዛን እኔና ወንድሜ ነዳጅ ማደያ መዝረፍ ነበረብን። ወንድሜ እንኳን ማደያ ሊዘርፍ፣ ዛሬም ቤንዚን ለመቅዳት ሰልፍ ሲገባ ሰው ይቀድመዋል።

ፊልሙ ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው። አባትየውም እኮ ቤት የለም። ጋዜጣው ላይ ነው ያለው። ጣቱ የሚቀሰረው ግን ይበልጥ እናትየዋ ላይ ነው። የሱ ሥራ ሥራ ነው፤ የሷ ሥራ ልጅ መተው ነው። ይሄን ደግሞ ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። እናቴ ስትመለስ በቡና ላይ ስንቴ ተባለላት መሰላችሁ። «ብር ይመጣል፣ ልጅነታቸው ግን አይመለስም» ይሏታል፣ የላከችውን ቡና እየጠጡ። አባቴን ማንም የት ነበርክ ያለው የለም።

እሷ ምንም አትመልስም ነበር። ቡናውን መቅዳት ብቻ።

አሁን እናቴ ራሷ አያት ናት። የወንድሜን ልጅ ይዛለች፣ አራት ዓመቱ ነው። ብታዩት! ብርቱካኑን ነጭ ክሩ እንኳን ሳይቀር ለቅማ ነው የምታጎርሰው። አልበላም ሲል ቤቱን ዞራ ታባርረዋለች፣ እየሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ልጅ ሆኜ ሰምቻት አላውቅም፤ ካሴት ላይ ሰው አይስቅም። ወንድሜ «ኧረ እማዬ አበላሸሽው» ይላታል። «ይበላሽ» ትላለች።

ለዳኛው ልከራከርላት ብዬ ነበር የጀመርኩት። ክቡር ሆይ፣ ሰው በልጁ ያልደረሰበትን በልጅ ልጁ ይድረስበት እንጂ፣ ምናምን። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። ግን ያ ሁሉ ብርቱካን የማን ነበር? ለኔ ሲጠራቀም የቆየ ነው ወይስ እዚያው ቤሩት ለማዳም ልጆች እየተላጠ ሲለመድ የኖረ? ብጠይቃት ትነግረኝ ይሆናል። አልጠይቃትም። ቡና ትቀዳልኛለች።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ መግባት አለብኝ። ይኸው እኔ ቁጭ ብዬ፣ ፊልም ላይ ብቻ ካሉ ዳኛ ጋር ተከራክሬ ተረትቼ፣ ይህን ያህል ዕድሜ ይዤ በአራት ዓመት ሕፃን ቅናት እየተቃጠልኩ ነው። የዘንድሮ ልጅ ደግሞ ምኑ ይወደዳል፣ ብርቱካን እንኳን ራሱ መላጥ አይችልም።