ከቮልሴ ሞተር ስር ቤንዚን ሲንጠባጠብ ያደረግሁት

ቮልስ ያለው ሰው የቤንዚን ሽታ ይለምዳል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። "አሮጌ መኪና አይደለች እንዴ" ይባላል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ጉዞ ይቀጥላል። የእኔዋ ባለ 1300 ሞተር ናት፣ በዕድሜም ትበልጠኛለች። ጠዋት ጠዋት ከኋላ ጎማዎቿ መሃል ሲሚንቶው ረጥቦ ማየት ስጀምር ግን በመስኮት የሚታለፍ ነገር አልነበረም።

ቮልስ ላይ ይሄ ነገር ከሌላው መኪና ይበልጥ የሚያሰጋው በምክንያት ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ታንከሩ ከፊት ኮፈኑ ስር ነው። ቤንዚኑ በመኪናዋ ወለል መሃል በሚያልፍ ቀጭን የብረት ቱቦ ወደ ኋላ ይሄድና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጋ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በላስቲክ ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባል፣ ፓምፑ ይገፋዋል፣ በአጭር ላስቲክ አድርጎ ካርቡራቶሩ ይደርሳል። ያቺ አጭር ላስቲክ ያለችው ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ነው። ቤንዚኑና ብልጭታው ጎረቤት ናቸው ማለት ነው። የሞተሩ አካል ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ ማግኒዚየም አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ሲደፉበት ይብስበታል። ስለዚህ እሳቱ ገና ቤንዚኑ ላይ እያለ እንዲጠፋ ቮልስ ውስጥ የሚቀመጠው እሳት ማጥፊያ የዱቄቱ ነው፣ እሱም እጅ በሚደርስበት ቦታ እንጂ ፊት ኮፈን ውስጥ ተቆልፎበት አይደለም።

የት እንደሚያፈስ ከመፈለጌ በፊት መቼ እንደሚያፈስ ነው ያየሁት። ታንከሩ ከሞተሩ ከፍ ስለሚል ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ሞተሩ ጠፍቶም ቤንዚን ይዞ ይቀመጣል። እዚህ መስመር ላይ ስንጥቅ ካለ መኪናዋ ቆማ ታድራለች፣ ከስሯ ግን ይንጠባጠባል። ስትነዷት ደግሞ አየር ልትስብና ሞተሩ ሊንገዳገድ ይችላል። ከፓምፑ እስከ ካርቡራቶሩ ያለው ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ፓምፑ ሲገፋ ይረጫል፣ ሲጠፋ ዝም ይላል። የእኔዋ የምታፈሰው ሌሊት ስለነበር ወዲያው ከስር ተኛሁ። ካምቢዮው ጎን ያለችው ላስቲክ ላይ ነጭ ሶፍት ጠቅለል አድርጌ ያዝኩባት፣ ረጠበ። በቃ።

የሚገርመው ላስቲኳ ከውጭ ስትታይ ምንም አልሆነችም። የድሮዎቹ ቱቦዎች ላያቸው በክር የተጎነጎነ ነው፤ ክሩ ቆሽሾም ቢሆን ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አውጥቼ በጣቴ መሃል ስቆለምማት እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረካከሰች። ከዕድሜዋ ሌላ አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ከ2001 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ቤንዚን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሚመጣ ኤታኖል ጋር 5 በመቶ እየተደባለቀ ይሸጥ ነበር፣ በኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኤታኖል ደግሞ ለእሱ ያልተሠራ የድሮ ላስቲክ አይወድም። ሁልጊዜ ተደባልቆ ነው የተሸጠው ማለቴ አይደለም፣ ግን እነዚያን ዓመታት በሙሉ በአንድ ላስቲክ ያሳለፈች መኪና ብዙ ሳትቀምስ አልቀረችም።

ዕቃውን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። የቮልስ ላስቲክ ውስጡ 5.5 ሚሊሜትር ነው፣ የብረት ቱቦው ደግሞ ከውጭ 6። ላስቲኩ ጠበብ ብሎ ገብቶ ራሱ ጭምር እንዲይዝ ነው ልዩነቱ። ሻጩ ግን የያዘው ሰፊውን ነበር።

"ወንድሜ፣ ይሄን ውሰድ፣ በፋሸታ ስታጠብቀው ይይዛል።"

"5.5 ከሌለህ ሌላ ቦታ ልይ።"

"ያው ነው እኮ! ሁሉም ሰው ይሄን ነው የሚወስደው።"

ያው አይደለም። ሰፊ ላስቲክ ፋሸታ (ላስቲኩን ዙሪያውን የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት) ሲጠብቅበት አንድ ቦታ ላይ ይታጠፍና ቀጭን መንገድ ይተዋል፣ ቤንዚን ደግሞ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ጥቂት ሱቆች ዝቅ ብዬ ትክክለኛውን አገኘሁ፣ ላዩ ላይ የነዳጅ መሆኑ የተጻፈበትን። ለካርቡራቶር መኪና ኤስኤኢ ጄ30 አር7 የሚል የነዳጅ ቱቦ ደረጃ የተጻፈበት በቂ ነው፣ አር9 ካገኛችሁ ደግሞ ይሻላል። ውስጡን የሚያሳየውን ነጭ ፕላስቲክ ቱቦ ግን በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ። ሙቀት ሲያገኘው መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ቆይቶ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል። በካላማዳሪ መጠቅለልም ያው ነው፣ የጎማ ላስቲክ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል። ሳሙና የተበሳ ታንከር ላይ ተለጥፎ ቤት እንደሚያደርስ አውቃለሁ፣ ላስቲክ ላይ ግን አይሠራም።

የሞተሩን ክፍል ላስቲክ በሙሉ፣ የፊቱንም ጨምሮ አንዴ ነው የገዛሁት። አንዷ ደርቃ ከተሰነጠቀች ሌሎቹም እኩዮቿ ናቸው። ሜትር ላስቲክ ለመቆጠብ ተብሎ የተበላሸችዋን ብቻ መቀየር አይገባኝም።

ሥራውን በጠዋት ጀመርኩ፣ ሞተሩ እንደበረደ፣ ግቢ ውስጥ አየር ላይ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ሄዶ ከሰል ያለበት ቦታ ሊደርስ ይችላል። የእኛ ግቢ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቡና ይፈላል። አከራዬን "እትዬ፣ ዛሬ ቡናውን ከላይኛው በረንዳ ቢያደርጉልኝ፣ ዕጣኑንም" አልኳቸው። "ምነው፣ ልታቃጥለን ነው?" አሉኝ። ሳቁ፣ ግን ምድጃውን አነሱ።

ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ስር በቀኝ በኩል ነው፣ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ነቀልኩ። ከዚያ የምትዘጋ ነገር ማዘጋጀት ነው፤ ምክንያቱም ላስቲኩ ሲነቀል ታንከሩ በሙሉ ወደ እናንተ መፍሰስ ይጀምራል። ጫፉ የለሰለሰ ባለ 6 ብሎን ከታንከር በኩል ወደሚመጣው ላስቲክ ሲሰካ ይይዘዋል። የፈሰሰውን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀበልኩ።

አሁን ሰው በብዛት የሚጎዳው ቦታ ላይ ደረስን። አሮጌ ላስቲክ በፒንሳ ይዛችሁ አትጎትቱ። ካርቡራቶሩ ላይ ላስቲኩ የሚገባበት የነሐስ ቱቦ ተጠቅጥቆ የገባ ነው፣ አልተበየደም፣ በጉልበት ከተጎተተ ይላላል። ሲላላ ደግሞ ሰው ወዲያው አያውቅም፣ አንድ ቀን በጉዞ ላይ ይወጣና ቤንዚኑ ትኩስ ሞተር ላይ ይረጫል። እኔ ላስቲኩን በስለታም ቢላ በርዝመቱ ሰንጥቄ እንደ ልጣጭ ነው የላጥኩት፣ ብረቱን ሳልቧጥጥ። ከዚያ የነሐሱን ቱቦ በጣቴ ወዘወዝኩ። አልተነቃነቀም፣ ተመስገን።

የብረቱን ጫፎች በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ። አዲሱን ላስቲክ በጠብታ ዘይት አርሼ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል እስኪገባ ገፋሁት። ፋሸታ ሲጠብቅ ላስቲኩ በትንሹ ጉብ ሲል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካቻቢቴ ማዞር ላስቲኩን መቁረጥ ነው።

የቤንዚን ቱቦው የሞተሩን ላሜራ በስቶ በሚገባበት ቦታ አንድ ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) መኖር አለበት። የእኔዋ አልነበራትም። ብረት በብረት እየተፋተገ ቱቦው ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት ሠርቷል፣ ትንሽ ቢቆይ ይቀደድ ነበር። ከሚንጠባጠበው ላስቲክ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። አዲስ ጎሚኒ አደረግሁለት። ካርቡራቶሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ የነበረውን የፕላስቲክ ፊልትሮ (የቤንዚን ማጣሪያ) ደግሞ አነሳሁትና ከፓምፑ በፊት፣ ካምቢዮው ጋ ከብረቱ ጎን አስጠግቼ አሰርኩት። ካርቡራቶሩ ጋ ሳለ ክብደቱ የነሐሱን ቱቦ ሲጎትት ነበር የሚውለው። ከስር ድንጋይ ይመታዋል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ከዲስትሪቢዩተር በላይ ከሚሰነጠቅ ከታች ቢሰነጠቅ እመርጣለሁ።

ብሎኑን ነቅዬ መስመሩን ካገናኘሁ በኋላ ሞተር ሳላስነሳ ቆየሁ፣ ቤንዚኑ በራሱ ወርዶ ይሙላ ብዬ። መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ በሶፍት ዳሰስኩ። ሽታው እስኪጠፋ ኮፈኑን ክፍት ትቼ ባትሪውን መለስኩ፣ አስነሳሁ፣ እንደገና ዳሰስኩ። ሲሞቅ ፋሸታዎቹ ትንሽ ይላላሉ፣ እነሱን ዳግም ነካ ነካ አደረግሁ። በማግስቱ ሲሚንቶው ደረቅ ነበር።

የቀረኝ የፊቱ ነው። ሙሉ ስሞላ መሪው ጋ ትንሽ ይሸታል፣ ይሄ ደግሞ ብዙ ጊዜ ታንከሩ ላይ ያለው የጌጁ (የቤንዚን መለኪያው) ጎሚኒ ነው። እሱ እስኪገኝ ግማሽ ታንከር እየሞላሁ ነው የምነዳው፣ የማደያውን ሰልፍ እጥፍ እያደረግሁ።