አፊሌ፣ ከመቃብሩ ሌላ

አፊሌ የምትባለውን የጣሊያን መንደር የምናውቃት በአንድ ሰው፣ እዚያ በተቀበረው በፋሺስቱ ማርሻል በግራዚያኒ ምክንያት ነው። እዚህ ሮም ሐበሻ ተሰብስቦ ስሟ ከተነሳ የቡናው ጨዋታ ይበላሻል። እኔም ለዓመታት «እዚያ ምን አለኝ?» እያልኩ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሐሙስ ግን ሄድኩ። ሐሙስ ከሰዓት የእኛ የቤት ሠራተኞች እረፍት ነው። የምንከባከባቸው ሲኞራ ልጃቸው መጥታ ስለነበር ጠዋቱንም ለቀቁኝ።

መንደሯ ከሮም በስተምሥራቅ፣ ወደ ሱቢያኮ አቅጣጫ ነው ያለችው። አውቶቡሱ ሽቅብ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «እዚህ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ተራራ ነውና» አሉኝ። ከፍታው 700 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለአዲስ አበባ ልጅ ቆላ ነው። ዝም አልኩ።

ቤቶቹ ኮረብታው አናት ላይ ተጠጋግተው፣ አንዱ የሌላውን ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆሙት። የዳር ዳሮቹ ቤቶች የውጭ ግድግዳ ራሱ አጥር ይመስላል። መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። የድንጋዩ ደረጃ መሐሉ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ አንድ ግድግዳ ላይ አህያ ይታሰርበት የነበረ የሚመስል የብረት ቀለበት አለ፤ አሁን የአበባ ማሰሮ ተንጠልጥሎበታል። ነዋሪው 1,500 ሰው ግድም ነው። ያየኋቸው አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው።

ጣሊያን ውስጥ እንዲህ ያለ መንደር የትም አለ። ለምን ሜዳውን ትተው እንደወጡ ግን ሰው ብዙም አይጠይቅም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አረብ ወራሪዎች እስከዚህ ድረስ ዘልቀው ሱቢያኮ ያለውን ገዳም ዘርፈዋል። በ10ኛውና በ11ኛው ክፍለ ዘመን ባላባቶችና አበምኔቶች ተበታትኖ ያርስ የነበረውን ገበሬ ኮረብታ ላይ አውጥተው ግንብ ውስጥ ሰበሰቡት። ለመከላከያ ይመቻል፤ ግብር ለመሰብሰብም እንዲሁ። አፊሌም ለረጅም ዘመን የሱቢያኮ ገዳም ጉልት ነበረች። ገበሬው በየጠዋቱ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ ማታ ሸክሙን ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል። እነዚያን ደረጃዎች ምን እንደበላቸው ያኔ ገባኝ።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያም በፊት የነበረው ታሪክ ነው። 500 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ወጣት የሮም ትምህርቱን ጥሎ እዚህ መጣ። የምዕራብ መነኮሳት አባት የሚባለው ቤኔዲክት ነው። ሞግዚቱም አብራው ነበረች። ታሪኩን ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ የጻፉት ጳጳስ ጎርጎርዮስ ቀዳማዊ ናቸው። ሞግዚቷ ከጎረቤት ሴቶች የስንዴ ማበጠሪያ ተዋሰች፤ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ። የሰው ዕቃ ነውና አለቀሰች። ልጁ ስብርባሪውን ይዞ እንባ እያፈሰሰ ጸለየ፤ ቀና ሲል ዕቃው ደህና ሆኖ አገኘው። የአገሩ ሰው ማበጠሪያውን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰቀለው፤ ብዙ ዓመት ለሁሉ እየታየ ቆየ።

ቤኔዲክት ዝናውን ሸሽቶ ወደ ሱቢያኮ ዋሻ ጠፋ። ለሞግዚቱ ሳይነግራት ነው የሄደው። እሷ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ጎርጎርዮስ አንድ ቃል አልጻፉም። ስሟን እንኳ አልጠቀሱም። የሰው ልጅ አሳድጋ፣ አገር ለአገር ተከትላው ተንከራታ፣ አንድ ጠዋት ስትነሳ አልጋው ባዶ ነው። የሰው ቤት ሠርቶ ለሚያድር ይህ እንደ ተራ ነገር አይታለፍም። እኔ ብሆን ቅድስናው በኋላ ነው የሚታየኝ፤ መጀመሪያ እረግመው ነበር።

ወይናቸውም የታወቀ ነው። ቼዛኔዜ ዲ አፊሌ የሚባል ቀይ ወይን፣ የመንደሯን ስም የያዘ የራሱ የወይን ዘር ያለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስም አለው። አንድ ብርጭቆ ቀመስኩ፤ ጥሩ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ያላት መንደር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ራዲሞንቴ በሚባለው መናፈሻ ለሮዶልፎ ግራዚያኒ መታሰቢያ መረቀች። ሰውየው የተወለደው ፊሌቲኖ ነው፤ በ1955 የተቀበረው ግን እዚህ ነው። 127 ሺህ ዩሮ ግድም የሆነው ወጪ ከላዚዮ ክልል ለመናፈሻ ከተሰጠ ገንዘብ ነው የተሸፈነው። «አገር» እና «ክብር» ተብሎ ተጽፎበታል። የካቲት 12 እና ደብረ ሊባኖስ አልተጻፉበትም። ጣሊያኖቹም ሆኑ በየአገሩ ያሉት የእኛ ሰዎች ጮኹ፤ በ2017 የቲቮሊ ፍርድ ቤት ያሠሩትን ሹማምንት ጥፋተኛ ናችሁ አላቸው፤ ጉዳዩ ከዚያም በኋላ በይግባኝ ሲንከባለል ቆየ።

ከምንም በላይ የሚከነክነኝ የመነኮሳቱ ነገር ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በዚህ ሰው ትእዛዝ ተረሸኑ። ራሱ በላከው ቴሌግራም ላይ የተቆጠሩት እንኳ በመቶዎች ናቸው። የመነኮሳት አባት ባለፈበት መንደር፣ መነኮሳትን ላስፈጀ ሰው ክብር ተብሎ ተጻፈ። በዚህ ላይ ማን ምን አስቦ ይሆን?

ወደ መናፈሻው አልሄድኩም። ቡና የጠጣሁበት ቤት ያለችው ሴት ከየት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። «ኢትዮጵያ» ስላት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ትራፊ የሌለበትን ባንኮኒ መጥረግ ጀመረች። ማበጠሪያው የተሰቀለበት ቤተ ክርስቲያን የት ነው ስላት ጨርቁን ጥላ እስከ ደጅ ወጣች። በእጇ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጠቆመችኝ፤ «ሞግዚቲቱን ታውቂያታለሽ?» አለችኝ ደግሞ፣ የሠፈሯን ሰው የምታማ ይመስል። ሄድኩ፤ በሩ ተቆልፏል። ተመልሼ ስነግራት «እሁድ ጠዋት ነይ» አለችኝ።

እሁድ ጠዋት እኔ የራሴ ቅዳሴ አለኝ። ሲኞራን አስፈቅጄ አንድ ሌላ ቀን ማግኘት አለብኝ።