ከቃለ መጠይቁ በፊት ካሴቱን፦ ስለ ደሴ ፊልም ዶክመንተሪ ስንሠራ

ስለ ደሴ የፊልም ሥራ ዶክመንተሪ ልንሠራ ነው ስንል የሰማን ሁሉ የሚመልስልን አንድ ነው። «ደሴ ደግሞ ምን ፊልም አላት?» አይፈረድባቸውም። ወሎ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ዘፈኑ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ ከዚያ የላሊበላ ኪነት ቡድን። ፊልም ሲባል ግን ሁሉም ጣቱን ወደ አዲስ አበባ ይቀስራል።

መምህራችን ከጅምሩ አንድ ነገር ከልክለውናል። በኢትዮጵያ ፊልም ላይ የሚሠራ የተማሪ ዶክመንተሪ ሁሉ ከአዲስ አበባው «ሰይጣን ቤት»፣ ከመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ነው የሚጀምረው፣ እናንተ ከሰፈራችሁ ጀምሩ አሉን። ደግ አደረጉ። እኛም ካሜራ ያለው ማን ነው ብለን ፒያሳና ሸርፍ ተራ አካባቢ ማጠያየቅ ጀመርን። መልሱ ቶሎ ተገኘ፦ ሰርግ ቀራጮች። የከተማችን ፊልም የቆመው በሰርግ ብር ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ይቀርጻሉ፣ የቀረችውን ሳንቲም አጠራቅመው ድራማ ይሠራሉ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገባ ሰርግ ይቀንሳል፣ ካሜራውም ሥራ ይፈታል። ያኔ ነው ቀረጻ። ይህን ያወጋን አንድ ቀራጭ «እኛ ጾም ሲገባ ነው የምንፈስከው» ብሎ ሳቀ። ፊልማችን ውስጥ ከገቡት ንግግሮች ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ችግሩ ሌላው ሰው እንደ እሱ አያወራም። ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ያ ሁሉ ጨዋታ አዋቂ መግለጫ ሰጪ ይሆናል። «ዘርፉ በርካታ ተግዳሮቶች አሉበት፣ የሚመለከተው አካል ትኩረት ቢሰጠው።» ይሄንን ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ነገሩን የቀየረው ካሴት ነው። ድሮ በቪኤችኤስ፣ በትልቁ የቪዲዮ ካሴት፣ ድራማ የሠሩ አንድ ሰው ሆጤ አካባቢ አገኘን። ቃለ መጠይቁን ትተን ካሴታቸውን ከዴክ፣ ከካሴት ማጫወቻው፣ ወደ ላፕቶፕ ገለበጥንና እሳቸውን አጠገባችን አስቀምጠን ከፈትነው። ካሜራችን ፊታቸው ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። ከዚያ ምን ተገኘ! «ይቺ ሶፋ የእትዬ ናት፣ ጎረቤታችን። ሰርቀን እኮ ነው! ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቀን በመስኮት አወጣናት፣ ሲመለሱ ቀረጻው አላለቀም። ያው እሳቸውንም ትዕይንቱ ውስጥ አስገባናቸው፣ እዩዋቸው እንግዲህ፣ ያቺ የምትቆጣዋ፣ እውነትም ተቆጥተው ነው!» ሁላችንም ፍርስ። እንዴት እንደሚሠሩ፣ በጀት እንደሌለ፣ ሰፈሩ እንዴት እንደሚተባበር ጠይቀን ያላገኘነው ሁሉ በአንድ ሶፋ መጣ።

ከዚያ በኋላ የሥራችንን ቅደም ተከተል ገለበጥነው፣ መጀመሪያ ካሴት ፍለጋ፣ ከዚያ ካሴቱን ለባለቤቱ ማሳየት፣ ጥያቄ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ።

ስለ ካሴት ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም የሚነግራችሁ ሰው የለም። ደሴ ብርዷና ጉሟ እንደምታውቁት ነው፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ነው፣ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ካሴት ይሻግታል። በካሴቱ መስኮት በኩል ጥቅሉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ካያችሁ ዴክ ውስጥ እንዳትከቱት። ቴፑም ይበጠሳል፣ የዴኩም ሄድ፣ ቴፑን የሚያነበው ክፍል፣ ይበላሻል፣ ሻጋታውም ወደሚቀጥለው ካሴት ይተላለፋል። ደህናውን ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አሽከርክሩት፣ ወደ ኋላ መልሱት፣ ከዚያ አጫውቱት። ከዴኩ በቢጫ፣ በቀይና በነጩ ገመድ ወጥቶ በትንሽ መቅጃ በኩል ዩኤስቢ ላይ ይገባል። አቋራጭ የለውም፣ የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ነው፣ ዴክ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የለውም። ስለዚህ ሌሊት ነበር የምንገለብጠው፣ በተራ እየተኛን።

ሚኒ ዲቪ የተባለችው ትንሿ ካሴት ሌላ ጣጣ አላት። ፋየርዋየር የሚባል ገመድ ትፈልጋለች፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ መሰኪያው የለም። ኮምቦልቻ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ያረጀ ዴስክቶፕ አለ ሲሉን ካሴቶቹን በፌስታል ይዘን የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ባለቤቱ «አብሽሩ፣ ይሠራል» አለንና አቧራውን በእጁ ጠረገው። ሠራ! ብር አልቀበልም ብሎን በግድ ማኪያቶ ጋበዝነው።

ኤዲቲንግ ላይ ደግሞ አንድ ነገር፦ የድሮው ምስል ወርዱና ቁመቱ አራት በሦስት ነው፣ ስክሪኑን እንዲሞላ ብላችሁ አትለጥጡት። ሰው ሁሉ ወፍራም ይሆናል። ጎንና ጎኑ ጥቁር ይሁን፣ ማንም አይሞትም።

ድምፅ ላይ ብዙ አልልም። ደሴ ውስጥ ባጃጅ የማይሰማበት ደቂቃ የለም። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ተዋሱ፣ ሰውየውን ከመንገድ ወደ ጓሮ ውሰዱት፣ ከመነሳታችሁ በፊትም የቦታውን ድምፅ ብቻውን ቅረጹ፣ ስትቆርጡ መሙያ ይሆናችኋል። አዛንና ቅዳሴ ሲገባ ግን አታቋርጡ። የደሴ ድምፅ ያ ነው።

የትብብር ደብዳቤ አለን ብላችሁ አንድ ኮፒ ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ። ከጦርነቱ ወዲህ መንገድ ላይ ካሜራ የያዘ ወጣት ይጠየቃል፣ ተገቢም ነው፣ ሰው የደረሰበትን ያውቃል። ማኅተም ያለበትን በብዙ ኮፒ ይዘን አንዷን ለጠየቀን ሁሉ እናስቀርለታለን፣ ስልካችንን ከነስማችን ጽፈን። ደብዳቤ አሳይቶ መልሶ ኪስ ከመክተት ይሄ በጣም ይሻላል፣ በሁለተኛው ቀን ጠያቂው ራሱ «እነዚህ የፊልም ልጆች ናቸው» እያለ ያሳልፈናል።

የከበደን የባለቤትነት ነገር ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ አለ፣ ግን ያኔ እነዚህን ድራማዎች ሲሠሩ ውል የጻፈ ሰው እምብዛም ነው። ዳይሬክተሩ የኔ ነው ይላል፣ ብሩን ያወጣው የኔ ነው ይላል፣ ካሴቱ ያለው ደግሞ ተዋናይዋ ቤት። ፈቃድ በቃል አንቀበልም ብለን ወሰንን። በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ስንት ሰኮንድ እንደምንወስድና የት እንደምናሳይ ጽፈን ሁሉም ሲፈርሙ ብቻ አስገባን። የተገለበጠውን በፍላሽ ለባለካሴቱ እንሰጣለን፣ ይሄ ከብር በላይ በር ይከፍታል። አንዲት እናት የልጃቸውን የጉርምስና መልክ አይተው ፈርመው ሲያበቁ የጎረቤታቸውንም ካሴት አስመጡልን።

አንደኛው ድራማ ግን እስካሁን አልገባም። ከሁሉም ያማረው እሱ ነው፣ የድሮውን ሰኞ ገበያ ሙሉ ለሙሉ ይዞታል። ዳይሬክተሩ ፈርመዋል፣ ተዋናዮቹ ፈርመዋል። ብሩን ያወጡት ሰው አዲስ አበባ ናቸው ተብለን ስንደውል ስልኩ አይነሳም። ባለፈው እህታቸውን አግኝተናል፣ ለፋሲካ ይመጣሉ ብላናለች።