የቸክ ቤሪ እጅና የቸክ ቤሪ መዝገብ

አሜሪካዊው ጊታሪስትና ዘፋኝ ቸክ ቤሪ መጋቢት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ሚዙሪ በሚገኘው ቤቱ በ90 ዓመቱ አረፈ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) «የሮክ ኤንድ ሮል አባት» ተብሎ ተሸኘ፤ ይገባዋልም። ግን ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉ ሆቴሎች የሚጫወት ጊታሪስት ከውዳሴ ምንም አይማርም። ስለዚህ በእጁ እንጀምር፣ ወደ ፍርድ ቤት መዝገቡ እንደርሳለን።

በ1958 የወጣችው «ጆኒ ቢ ጉድ» ኪዋ (መነሻ ድምፇ) ቢ ፍላት ነው። በኤ መልመድ ይቻላል፣ ከቅጂው ጋር ግን አትገጥምም። ኪቦርዲስታችሁ ትራንስፖዝ (ወደ ሌላ ኪ የሚያዛውረውን ቁልፍ) ተጭኖ ይገላገላል፤ እናንተ ግን ቦታችሁን ማወቅ አለባችሁ። አመልካች ጣታችሁን 6ኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ክፍል) ላይ አጋድማችሁ 1ኛውንና 2ኛውን (ሁለቱን ቀጫጭን) ክር አንድ ላይ ጫኑ፤ ቢ ፍላትና ኤፍ አብረው ይወጣሉ። 3ኛውን ክር በዚያው ጣት 6ኛ ፍሬት ላይ መትታችሁ ወዲያው በመሀል ጣት 7ኛውን ጫኑ፤ ዲ ፍላት ዲ ሆነች ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሁለቱ ክሮች ተመለሱና ደጋግሙ። የቤሪ ፊርማ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ትዝታ ሜጀርን ከቢ ፍላት ብትነሱ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ ታገኛላችሁ። ቤሪም አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በእነዚሁ አምስት ድምፆች ውስጥ ነው፤ ዲ ፍላትንና አልፎ አልፎ ኤ ፍላትን ይጨምርባቸዋል። የትዝታ እጅ ያለው ልጅ እንግዲህ ግማሹን መንገድ ሄዷል። የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው፤ ዲ ፍላት ላይ ከቆየ ዜማው ወደ ትዝታ ማይነር ይሸሽበታል። በቢ ፍላት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ላይ ዲ ፍላት መሸጋገሪያ እንጂ ማረፊያ አይደለችም። ኮርዱ ወደ ኢ ፍላት ሲዞር ግን ሰባተኛው ድምፅ ስለምትሆን ብትቆዩባትም ታምራለች።

ባለ 9 ቀጭን ክር የገጠማችሁ፣ ሁለት ክር አንድ ላይ አጥብቃችሁ ስትጫኑ ድምፁ ከቅኝቱ በላይ ይወጣል፤ ጥፋቱን ጊታሩ ላይ አትጣሉ። ውፍረቱ ከ10 እስከ 46 (በሺኛ ኢንች) ያለው ይሻላል።

ሪትሙ ላይ 6ኛው ክር 6ኛ ፍሬት በአመልካች ይያዛል። በ5ኛው ክር ላይ የቀለበት ጣት 8ኛውን ይይዛል፣ ትንሿ ጣት 10ኛው ላይ እየወጣች ትመለሳለች። ሁለት ምት 8ኛው፣ ሁለት ምት 10ኛው፤ ፒኩ ሁሌም ወደ ታች። ትንሿ ጣት ስትደክም ጊዜው ይጎተታል፤ ያኔ ፍጥነቱን ቀንሱ እንጂ ወደ ላይ መምታት አትጀምሩ። ዑደቱ 12 ባር (የአራት አራት ምት ክፍል) ነው፤ 4 ቢ ፍላት፣ 2 ኢ ፍላት፣ 2 ቢ ፍላት፣ 2 ኤፍ፣ 2 ቢ ፍላት።

ችክችካ የለመደ ድራመር ምቱን ሦስት ሦስት አድርጎ መክፈል ይቀናዋል። ተዉት። በ1950ዎቹ የቤሪ ቅጂዎች ላይም ድራሙ ወደ ሸፍል (ምቱን በሦስት ከፍሎ ወደሚወዛወዝ አመታት) ሲያደላ ጊታሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ግፊቱ የሚመጣው ከዚያ ፍትጊያ ነው። ጊታሪስቱ ድራመሩን ተከትሎ መወዛወዝ ከጀመረ ዘፈኑ ይለሰልሳል።

የዕዳውን ነገር ሳንረሳ፤ የ«ጆኒ ቢ ጉድ»ን መግቢያ ጊታሪስቱ ካርል ሆጋን በ1946 በዘፋኙ በሉዊስ ጆርዳን ቅጂ ላይ ተጫውቷታል፤ ቤሪም አልካደም። ሁለት ክር አብሮ መምታቱን የብሉዝ ጊታሪስቱ ቲ-ቦን ዎከር ቀድሞታል። ባንዱ ራሱ መጀመሪያ የፒያኒስቱ የጆኒ ጆንሰን ነበር፤ ቤሪ በ1952 መጨረሻ በተተኪነት ገብቶ መሪ ሆነ። ጆንሰን በ2000 «ዘፈኖቹን አብሬ ደርሻለሁ» ብሎ ከሰሰ፣ በ2002 ፍርድ ቤቱ ጊዜው አልፏል ብሎ ዘጋው። ቢ ፍላትና ኢ ፍላት ጊታሪስት ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚመርጣቸው ኪዎች አይደሉም፣ ከፒያኖ የመጡ ይመስላሉ። ስለዚህ በሙዚቃው በኩል ወደ ጆንሰን አደላለሁ። ግጥሙ ግን የቤሪ ነው፤ ስለ መኪናና ስለ ትምህርት ቤት እንደ እሱ የጻፈ አልነበረም።

የፍርድ ቤት መዝገቡ ከዚህ ይከብዳል። በ1944 ገና ልጅ ሳለ በመሣሪያ በተፈጸመ ዝርፊያ ተይዞ እስከ 1947 ታሰረ። በ1959 የ14 ዓመት ልጅ ከክልል ክልል አሻግሮ ለብልግና ተግባር ወስዷል ተብሎ ተከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ በዳኛው ዘረኛ ንግግር ምክንያት ተሻረ፤ በሁለተኛው ችሎት ግን ጥፋተኛ ተባለና ከ1962 እስከ 1963 ታሰረ። የዳኛውን ዘረኝነት እያነሱ ጉዳዩን የሚያቃልሉ አሉ። ዳኛው ያለውን ቢል ልጅቷ 14 ዓመቷ ነበር። በ1979 በግብር ስወራ 4 ወር ተፈረደበት። በ1990 ደግሞ ሴቶች በምግብ ቤቱ የሴቶች መጸዳጃ ውስጥ ካሜራ ደብቋል ብለው ከሰሱት፤ ነገሩ በስምምነት አለቀ።

ገንዘቡን ከመድረክ በፊት በጥሬው ይቀበል ነበር። ባንድም ይዞ አይዞርም፤ በየከተማው ያገኛቸውን ሙዚቀኞች ያለ ልምምድ፣ ያለ ዘፈን ዝርዝር አብረውት እንዲጫወቱ ያደርጋል። ብዙዎቹ የኋላ ዝግጅቶቹ የተንሻፈፉት ለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት ዘፋኝ ከገጠማችሁ ቤዚስቱ ዓይኑን ከጊታሪስቱ አመልካች ጣት አይንቀል፤ አመልካች ጣት 6ኛውን ክር በሚይዝበት በሪትሙ አያያዝ 3ኛ ፍሬት ጂ፣ 5ኛ ኤ፣ 6ኛ ቢ ፍላት፣ 8ኛ ሲ፣ 11ኛ ኢ ፍላት ነው።