የፖርትላንዱ ችሎትና አሥራ ሁለቱ ሰዎች

ባለፈው ወር ከምኖርበት ካውንቲ ፍርድ ቤት የጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው በችሎት ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች፣ አባልነት ጥሪ ደርሶኝ አንድ ሙሉ ቀን በመጠባበቂያ ክፍል ተቀምጬ ዋልኩ። ስሜ ሳይጠራ ወደ ቤቴ ብመለስም ቀኑ ባክኗል አልልም፤ ከዓመታት በፊት ያነበብኩትን አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ከልቤ ሳሰላስል ነበርና። እኛ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ከሌሎች ሁሉ አብልጠን ልናውቀው ይገባን ነበር፤ ነገር ግን በጉዳዩ ላይ ያነጋገርኳቸው ወጣቶች አብዛኞቹ የሟቹን ስም እንኳ ሰምተው አያውቁም።

ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት ወደ አሜሪካ የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988 ሌሊት፣ ኦሪገን ግዛት ውስጥ በፖርትላንድ ከተማ፣ ጓደኞቹ በመኪና ወደ ቤቱ ባደረሱት ሰዓት ራሳቸውን የነጭ ዘር ጠበቃ አድርገው የሚቆጥሩ ጭንቅላታቸውን የተላጩ ወጣቶች ተነሱባቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ሙሉጌታን በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጦ ገደለው። ገዳዩ ኬኔት ሚስኪ ጥፋቱን አምኖ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ግብረ አበሮቹም እንዲሁ አምነው በ20 ዓመት ተቀጡ። ጥፋተኛው ካመነ ደግሞ ምስክር የሚሰማበት ችሎት አያስፈልግም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነጥብ ነው፤ ቅጣቱ ተፈጽሞ ሳለ ሕዝቡ ሊሰማው የሚገባው ነገር ሳይሰማ ቀረ። እነዚያን ልጆች ያደራጃቸው ማን ነው? ጥላቻውንስ ማን ቀለባቸው? የሚሉት ጥያቄዎች በወንጀሉ መዝገብ ውስጥ መልስ አላገኙም።

መልሱ የተፈለገው በፍትሐ ብሔር ክስ ነበር። ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የተባለው ድርጅት ጠበቃ ሞሪስ ዲስ ከሟቹ ቤተሰብ ጎን ቆሞ፣ በካሊፎርኒያ ተቀምጦ ዋይት አርያን ረዚስታንስ የተባለውን ቡድን የሚመራውን ቶም ሜትዝገርን ከልጁ ጋር ከሰሳቸው። ሜትዝገር በቴሌቪዥን ጥገና የሚተዳደር ሰው ሲሆን፣ በዚያች ሌሊት ፖርትላንድ አልነበረም፤ ዱላውንም አልጨበጠም። ከሳሾች ያስረዱት ሜትዝገር ወኪሉን ወደ ከተማይቱ ልኮ ወጣቶቹን እንዳደራጀና ወደ ጥቃት እንደገፋቸው ነበር፤ የተላከው ዴቭ ማዜላም በምስክርነት ቀርቦ ይህንኑ ተናገረ። ሜትዝገር ጠበቃ ሳያቆም ራሱ ተከራከረ፤ ንግግሬ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው ሲል መለሰ።

ይህ የሜትዝገር መከራከሪያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አስጸያፊ ንግግር ማድረግ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል አይደለም፤ ዛሬ የሜትዝገርን አፍ የሚዘጋ ሕግ ነገ የሌላውንም ሊዘጋ ይችላል። ጥያቄው ንግግሩ የት ጋ አብቅቶ ተግባሩ የት ጋ እንደሚጀምር መለየት ነው፤ ይህን ደግሞ የሚለየው የሕግ አንቀጽ ብቻ ሳይሆን ምስክሮቹን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ስለዚህም ጉዳዩ ከመንገድ ተጠርተው ለመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ቀረበ። የሕግ ትምህርት የሌላቸው ሰዎች ይህን ያህል ከባድ ጥያቄ እንዴት ይወስናሉ ብሎ የሚጠራጠር ሰው ትክክል ቢመስልም፣ የሚወስኑት የፍሬ ነገሩን ጥያቄ ነው፤ ሕጉን የሚያስረዳቸው ዳኛው ነው። ዳኛው ደግሞ ጥቁሩ አሜሪካዊ አንሰር ሃገርቲ ነበሩ፤ ሜትዝገር ያን ወንበር እያየ ምን እንዳሰበ ማወቅ አያስቸግርም።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1990 ጁሪው 11 ለ1 በሆነ ድምፅ ተከሳሾቹ ተጠያቂ ናቸው ሲል ወሰነ፤ ካሳውንም በጠቅላላው 12.5 ሚሊዮን ዶላር አደረገው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሙሉ ስምምነት አይጠየቅም ነበርና የአንዱ ተቃውሞ ውሳኔውን አላገደውም። በነገራችን ላይ ኦሪገን ከ1934 ጀምሮ በወንጀል ጉዳይም ጭምር በ10 ለ2 ድምፅ መፍረድን ፈቅዳ የኖረች ግዛት ናት፤ ይህ ደንብ የመጣው አይሁዳዊ ተከሳሽ ላይ አንድ የጁሪ አባል አልስማማም በማለቱ በተነሳ ቁጣ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስከ ሻረበት እስከ 2020 ድረስ ቆይቷል። ጁሪም የዘመኑን ጥላቻ ተሸክሞ ይገባል። በ1955 በሚሲሲፒ ግዛት በነጭ ወንዶች ብቻ የተሞላ ጁሪ የጥቁሩን ታዳጊ የኤሜት ቲልን ነጭ ገዳዮች በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ነጻ ለቋቸው ነበር።

የእኛ የቀድሞ ባህል ከዚህ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ተከራካሪዎች ነጠላቸውን አቆራኝተው በሕግ አምላክ ብለው መንገደኛውን አቁመው ያከራክራቸው ዘንድ ይለምኑት ነበር፤ በዙፋን ችሎትም ዳኞች አስተያየታቸውን የሚሰጡት ከታናሹ ጀምረው ነበር፤ ታላቁ ቀድሞ ቢናገር ታናሹ አፉን ይይዛልና። የጁሪ አባላት በዝግ ቤት ሲመክሩ አንዱ ለሌላው አጎንብሶ እንዳይፈርድ ለመጠበቅ የሚደረገው ጥረት ይህን ያስታውሰኛል፤ በኋላ ከአውሮፓ ሕጎችን ስንወስድ ይህን ብልሃት ጥለነው መቅረታችንም ያስቆጨኛል።

ካሳው ተከፈለ ወይ ለሚል ሰው፣ ተከሳሾቹ ያን ያህል ገንዘብ አልነበራቸውምና በሙሉ አልተከፈለም፤ የሜትዝገር ቤት ግን ተሸጠ፤ ይግባኙም አልተሳካለትም።

ከመጠባበቂያው ክፍል ስወጣ የሞላሁት መጠይቅ ትዝ አለኝ። ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ የምታውቀው ነገር አለ ወይ? ከተከራካሪዎቹ አንዱ የአገርህ ሰው ነው ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች በፖርትላንዱ ችሎት ለእኔ ቢቀርቡ ኖሮ፣ ሁለቱንም አዎ ብዬ መልሼ ገና በማለዳው ከደጅ እሰናበት ነበር።