የኮሌጅ ቁጥጥር ረቂቅ ሕግን እንዴት አነባለሁ

በአሜሪካ ኮንግረስ የኮሌጆች ቁጥጥር ክርክር ሲነሳ ንግግሮቹን አስቀድሜ አላዳምጥም። አንዱ ወገን «የመንግሥት ጣልቃ ገብነት በዛ» ይላል፣ ሌላው «ተማሪው ተበዘበዘ» ይላል፤ ዓመት አልፎ ዓመት ቢተካም ያው ነው። ጉዳዩ ያለው ረቂቁ ላይ ነው።

ረቂቁ ግን ብቻውን አይነበብም፤ አብዛኛው «ይህ ሐረግ ወጥቶ ይህ ይግባ» የሚል ነው። ስለዚህ የ1965ቱን የከፍተኛ ትምህርት ሕግ፣ እስካሁን ከተደረጉበት ማሻሻያዎች ጋር፣ ጎን ለጎን ከፍቼ ሐረጉን ራሴ እተካለሁ። ለምሳሌ ለትርፍ የሚሠራ ኮሌጅ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶውን ከፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ውጭ ማግኘት አለበት። ቀድሞ ድጋፍ ተብሎ የሚቆጠረው በዚያው ሕግ አራተኛ ክፍል የሚሰጠው ብድርና እርዳታ ብቻ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች የትምህርት ገንዘብ ከፌዴራል ካዝና እየወጣም ከ10 በመቶው ጎራ ይደመር ነበር። ስለዚህ ከአንድ የቀድሞ ወታደር የተገኘ 1 ዶላር ሌላ 9 ዶላር ለመውሰድ በር ይከፍት ነበር፤ ኮሌጆቹ ወታደሮችን ለመመዝገብ የተሻሙትም በዚሁ ነው። በመጋቢት 2021 የጸደቀው የኮቪድ ማገገሚያ ሕግ መቶኛውን ሳይነካ «በዚህ ክፍል መሠረት የተሰጠ ገንዘብ» የሚለውን አወጣና ተማሪው እንዲማርበት የሚሰጥ ማንኛውንም የፌዴራል ገንዘብ አስገባ።

ቀጥሎ የምፈልገው ተፈጻሚ የሚሆንበትን ቀን ነው። ከላይ ያለው ለውጥ የሚሠራው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ወዲህ ለሚጀምር የኮሌጅ በጀት ዓመት ነው። በዚህ መካከል የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ከባለድርሻዎች ጋር ተደራድሮ ደንብ ያወጣል፣ ለሕዝብ አስተያየትም ያቀርባል። ደንቡ በመደበኛው አካሄድ እስከ ኖቬምበር 1 በመጨረሻ መልኩ ካልታተመ በሚቀጥለው ጁላይ 1 ሥራ ላይ አይውልም። ብዙ ሰው ሕጉ ሲጸድቅ ጨዋታው ያለቀ ይመስለውና የአስተያየቱ ጊዜ ያልፈዋል።

በሕግ ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ብቻ የቆመ ነገር ደግሞ አስተዳደር በተለወጠ ቁጥር ይገለበጣል። የኮሌጅ ፕሮግራሞችን በተመራቂዎቻቸው ዕዳና ገቢ የሚመዝነው ደንብ በ2014 ወጣ፣ በ2019 ተሻረ፣ በ2023 ተመለሰ። በ2025 ኮንግረስ የገቢ መለኪያን ሕጉ ውስጥ ራሱ አስገባ፤ ከ3 ዓመት በ2ቱ የወደቀ ፕሮግራም ከፌዴራል ብድር ይወጣል። እዚህ ላይ የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደተዘረዘሩ ማየት ይገባል፤ ከዲግሪ በታች ያሉት የሰርተፍኬት ፕሮግራሞች በዝርዝሩ የሉም።