በእስክሪብቶም ይሁን በስልክ፣ ሥዕሉን አምጡት

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ፣ ወዳጆቼ! አገር ቤት ያላችሁም፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል፣ በአረብ አገር ያላችሁም፣ ዓመቱ የጤና፣ የሰላምና የፍቅር ይሁንላችሁ። በበዓል ቀን ሥራ ላይ ለዋላችሁ ደግሞ የተለየ ሰላምታ ይድረሳችሁ።

እንቁጣጣሽ ለእኔ ከበዓላት ሁሉ ይልቅ የሥዕል በዓል ነው። ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ የሣሉትን ይዘው በየቤቱ ያንኳኳሉ። አደይ አበባ፣ ወፍ፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ ከሥሩ ደግሞ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ። አንዱ በክሬዮን፣ አንዱ በማርከር፣ አንዱ የደብተር ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ። እማማ ሥዕሉን ይቀበላሉ፣ ሳንቲም ይሰጣሉ፣ «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ይመርቃሉ። «በምንድን ነው የሣልከው?» ብሎ ልጅ ከበር የሚመልስ ሰው አላየሁም።

ትልልቆቹ ጋ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁትም ስለዚሁ ነው።

መስከረም 21 የፈረንጆቹ ኦክቶበር ይገባል። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ኢንክቶበር የሚባለው የሥዕል ቻሌንጅ ያኔ ይጀመራል። ጄክ ፓርከር የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። በብዕር ቀለም አሣሣሉን ለማሻሻልና በየቀኑ የመሣል ልማድ ለመያዝ ብሎ ለራሱ ያወጣው ሥራ ነበር። 31 ቀን፣ 31 ሥዕል። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያለ ሰው ገባበት።

ክርክሩም አብሮ ይመጣል። «በታብሌት የተሣለ አይቆጠርም።» «በስልክማ ማንም ይሠራዋል።» «እስክሪብቶ የተማሪ ነው እንጂ የሠዓሊ አይደለም።» ከወዲያ በኩል ደግሞ «አሁንም በወረቀት ነህ እንዴ?» የሚል አለ። ንቀቱ ከሁለቱም ወገን ነው። የወረቀቱ ሰው የስክሪኑን ይንቃል፣ ባለታብሌቱ ባለደብተሩን ይንቃል።

እዚህ ላይ ነገር እንዳይምታታ። ሕግ ማውጣት ነውር አይደለም። በብዕር ቀለም መሥራት የራሱ ትምህርት አለው። የተሰመረ መስመር ተሰመረ ነው፤ ስለዚህ ሰው እጁ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት ያስባል። ግራጫ የለም፤ ጥላ የሚወጣው መስመር በመስመር ላይ እየተደራረበ ነው። ይህን መማር የሚፈልግ ቡድን «ዘንድሮ በብዕር ቀለም ብቻ እንሥራ» ቢል ደስ እያለኝ እገባለሁ። ፓርከር ራሱ በየቀኑ መሥራት ለማይችል ሰው በየሁለት ቀኑ፣ ካልሆነም በሳምንት አንዴ መሥራት ይቻላል ብሎ በሩን ሰፋ አድርጎታል። ሕጉ ለመማሪያ ነው። እኔን የሚያመኝ ሕጉን ይዞ ሰው የሚያሸማቅቀው ነው። ጭራሽ ምንም ዓይነት ሕግ በሌለባቸው ቻሌንጆች ላይም እኮ ይኸው ነገር አለ።

አንዲት እህታችን አለች። በአረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች፤ ስሟንም ያለችበትንም አልጠራም። ሥራ ጨርሳ ክፍሏ የምትገባው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ቀለም የሚዘረጋበት ቦታ የለውም። ቀለም ገዝታ ቢያገኙባት ምን እንደሚሏትም አታውቅም። ያላት ስልክ ነው። አልጋዋ ላይ ሆና በጣቷ ትሥላለች። የእናቷን ጓሮ፣ ረከቦት ላይ የተደረደሩ ሲኒዎች፣ ነጠላ ያጣፋች ሴት። ቀለም አመራረጧ የሚገርም ነው። ባለፈው ዓመት በላከችው ሥዕል ላይ አንዱ «ይሄን እኮ አፑ ነው የሣለው» አላት። ሌሎች ተከትለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሥዕል መላክ አቆመች። ለብቻዋ ስጽፍላት «እነሱ ሠዓሊዎች ናቸው፣ የእኔ ጊዜ ማሳለፊያ ነው» አለችኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

በጣት ስልክ ላይ መሣልን የሞከረ ያውቀዋል። ጣት የሚሣለውን ቦታ ራሱን ይሸፍነዋል። ብትጫኑም ባትጫኑም መስመሩ አይወፍርም፣ አይቀጥንም፤ የብሩሹን መጠን በየጊዜው እየቀየራችሁ ነው የምትሄዱት። ዝርዝሩን ለመሥራት ስታጎሉት ሙሉው ሥዕል ከዓይን ይጠፋል። ስትመልሱት አንዱ ዓይን ከሌላው በልጦ ይጠብቃችኋል። ወደ ኋላ መመለሻው ቁልፍ የተበላሸውን ያጠፋል እንጂ ትክክለኛውን አይሥልም። (በትእዛዝ ሥዕል የሚያመርተውን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

እስክሪብቶም ቀላል መሣሪያ አይደለም። ቀለሙ ጫፉ ላይ ይጠራቀምና ድንገት ይተፋል፤ በየመሀሉ በጨርቅ መጥረግ ይጠይቃል። ጥላው የሚወጣው ሳይጫኑ ደጋግሞ በማስኬድ ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። በነገራችን ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ብርሃን ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል። በእስክሪብቶ የምትሠሩ ልጆች ሥራችሁን በጊዜ ፎቶ አንሱት፣ ዋናውንም ከፀሐይ አርቁት።

ይህ ንቀት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1804 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች ተሰባስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ምክንያቱ ሮያል አካዳሚ የሚባለው የለንደኑ የሥነ ጥበብ ተቋም ሥራቸውን ከዘይት ቀለም ዝቅ አድርጎ ማየቱ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው ሮያል አካዳሚ ውስጥ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ በአይፓድ የሣላቸውን የዮርክሻየር መልክዓ ምድሮች በትልልቁ አሳትሞ ሰቀለ። ያኔ ሰባዎቹን ዕድሜ አጋምሶ ነበር። ሕዝቡ ተሰልፎ ገብቶ አየ።

የእኛ አገር ሠዓሊዎች ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ሞክረዋል። የድሮዎቹ ቆዳ ፍቀው ብራና አደረጉ፣ ከጥላሸት ቀለም በጠበጡ፣ መቃ ቀርጸው ብዕር አደረጉ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳ ላይ ለጠፉ። አፈወርቅ ተክሌ ሸራው አልበቃው ብሎ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ባለቀለም መስታወት ሠራ። እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ ኖሮ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ፣ ብራናና የዛፍ ልጥ ላይ ይሠራ ነበር። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሰበሰበው አሮጌ ሽቦና የኮምፒውተር ሰርኪት የሠራቸው ሥራዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ቢያናሌ በሚባለው የጣሊያን ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ታይተዋል። እነዚህን ሰዎች እናደንቃለን፣ በስማቸው እንኮራለን። ታዲያ በእስክሪብቶ የሣለን ልጅ በምን አፋችን ነው የምናሸማቅቀው?

የኪስም ነገር አለበት። ጥሩ ቀለም፣ ወፍራም ወረቀት፣ ብሩሽ፣ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ታብሌቱም ያው ነው። አንድ ተማሪ እስክሪብቶ ይዞ ሲመጣ «ደህና መሣሪያ ይዘህ ና» የሚለው ሰው ብር አምጣ እያለው እንደሆነ ይወቀው። የውጭ አገር ኑሮ የለመድን ደግሞ ይህ ቶሎ አይታየንም። አንድ የቀለም ሣጥን በፖስታ እቤታችን ድረስ ይመጣልናል፤ አገር ቤት ያለው ልጅ ግን ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አደራ ብሎ ወራት ይጠብቃል።

ስለዚህ የበዓል ልመናዬን ስሙኝ። ዘንድሮ አንድ ሰው ሥዕሉን ሲያሳያችሁ መጀመሪያ ሥዕሉን እዩለት። እጁን እዩ፣ ጥላውን እዩ፣ ምን ሊል እንደፈለገ እዩ። የሚስተካከል ነገር ካለ ንገሩት፤ ሥዕል ያለ ትችት አያድግም። «እግሩ አጥሯል» ማለት ይጠቅመዋል። «በስልክ ነው እንዴ?» ማለት ግን ምን ያስተምረዋል?

ከመስከረም 21 ጀምሮ የምትልኩልኝን ሁሉ ማታ ማታ ተቀምጬ አያለሁ። በከሰል፣ በአክሪሊክ፣ በእርሳስ፣ በጣት፣ በሻይ ውሃ የሣላችሁ ሁላችሁም ላኩልኝ። በምን እንደሠራችሁት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ሌላው አይቶ ይማርበታል። አዲስ አበባ ሆናችሁ ትርፍ ወረቀት ወይም ያልተጠቀማችሁበት ቀለም ያላችሁ ሰዎችም ጻፉልኝ። የሚፈልጉ ልጆች አውቃለሁ፣ አገናኛችኋለሁ።

አንቺም እህቴ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ቀን ሥዕልሽን እጠብቃለሁ። ሌሊት ላኪው፣ ችግር የለም። መልካም አዲስ ዓመት!